መብራቷ ስትጠፋ ይጠጣል

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። «ጋሽ ዘውዴ ዐረፉ» አለኝና ትንሽ ቆይቶ፣ «ቤተሰቦቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ እንድታነቢ ፈልገዋል። እንደ ልጃቸው ነበርሽ እኮ፣ ፋንታዬ» ብሎ ጨመረ።

እንደ ልጃቸው ነበርኩ፤ እውነቱን ነው። ወደ ክፍል ተመልሼ የጀመርኩትን ስሌት ሳልጨርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ያዘንኩ መስሏቸው ጸጥ አሉ። ሐዘንማ ነበር፤ አልዋሽም። ከሐዘኑ ሥር ግን ዓመታት ሙሉ ያመቅሁት ንዴት ነበር። ሰውየው ሞቱ ማለት እኮ ሳይናገሩ ሞቱ ማለት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ፣ ሞኝ ነኝና፣ አንድ ቀን ይናገራሉ እያልኩ እጠብቅ ነበር።

ሰውየውን ለማያውቅ ሰው ከዚህ ብጀምርለት ግፍ ይሆንብኛል። ስለዚህ ከደጉ ልነሳ።

መሐል ሜዳ ውስጥ ትንሽ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ፊዚክስ የተማረው ከጋሽ ዘውዴ ነው። ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ረስተውት ገበያ ይወጣሉ። ነገርን ሁሉ በእጃቸው ጀርባ ነበር የሚነኩት፤ ግድግዳውን፣ ብርጭቆውን፣ ራሱን የታመመ ተማሪ ግንባር። ነክተው ሲያበቁ ወደ እኛ ዞር ይሉና፣ «ምን አለኝ መሰላችሁ?» ይላሉ። ግድግዳው የነገራቸውን ሊነግሩን ነው። እንስቅባቸው ነበር፤ እሳቸውም ስንስቅ ደስ ይላቸው ነበር።

አስረኛ ክፍል እያለሁ ወደ ጓሳ ተራራ ወሰዱን። ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ብርዱ ጣታችንን እየቆረጠው፣ ጀበና በምታህል ድስት ውሃ አፈላን። ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ቴርሞሜትሩን አንብበን እንድንጽፍ ነበር ያዘዙን። እኔ ጎበዟ ተማሪ ቴርሞሜትሩን ሳላይ መቶ ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ መቶ ነዋ የሚለው። ወረቀቴን አዩና አጠገቤ ቁጢጥ ብለው፣ «ፋንቱ፣ መጽሐፉን አልጠየቅሁሽም። እሱን ጠይቂው» አሉኝ፣ ድስቱን እያሳዩኝ። ጠየቅሁት። ከመቶ በታች ነበር። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ለካ። «ዕቃ አይዋሽም» አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ «የሚዋሽ ሰው ነው። አንቺ ዕቃውን እንጂ ሰውን አትመኚ፤ እኔንም ቢሆን።»

እኔንም ቢሆን ያሏትን ነገር ያኔ እንደ ቀልድ ነው የሰማኋት።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ያው መሐል ሜዳ ተመደብኩ። መጀመሪያ ቀን የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። «እኔ ካንቺ ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም» አሉኝ። አባቴ ይህን ስነግራቸው ቁልፉን ተቀብለው በመስቀላቸው ባረኩት። ጋሽ ዘውዴን ያን ያህል ያከብሯቸው ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ የሚካኤል አገልጋይ። ዓይናቸው በሞራ ተይዞ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። የያዙት ብርጭቆ ትኩስ ይሁን የበረደ ለማወቅ ጣታቸውን ነከር ያደርጋሉ። ቤት ውስጥ ምንም አይደል፤ ሰው ፊት ግን ያፍራሉ። አንድ ጊዜ ማኅበር ላይ አጥሚት ቀርቦላቸው፣ ሰው እያየኝ ጣቴን አልነክርም ብለው፣ እንደወረደ ጠጡት። ጉሮሯቸው ተላጠ። የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ደረሰና ሌላው ሲቀድስ እሳቸው ዝም ብለው ቆሙ። ድምፃቸው እስከ ሩቅ የሚሰማ ሰው። ያን ቀን ቤት ስንመለስ ምሳም አልቀመሱ።

ይህንን ለጋሽ ዘውዴ አወራኋቸው። በነጋታው አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን የተሰበረ የውሃ ማቀዝቀዣ በሸክም አስመጥተው ቤተ ሙከራ መሐል ጠበቁኝ። ፈታተውት ከውስጡ አንዲት ጠፍጣፋ ነጭ ነገር አወጡ፤ ስፋቷ ከብስኩት አይበልጥም፤ ሁለት ሽቦ ወጥቶላታል። «ይቺ መብራት ሲሰጧት አንድ ጎኗን ታቀዘቅዛለች» አሉ። «እኛ ደግሞ እንገለብጣታለን። አንድ ጎኗን ብናሞቃት ራሷ መብራት ትሰጠናለች። የሻዩ ሙቀት ያበራታል፤ ሻዩ ሲበርድ ትጠፋለች። አባትሽ ብርሃን ይለያሉ አይደል? መብራቷ ስትጠፋ ይጠጣሉ፤ በቃ።»

እንዴት ያለ ሐሳብ ነው። እሳቸው ይህን ሲሉ የተሰማኝን ደስታ አሁንም ሳስበው ደረቴን ይሞላዋል፤ ለዚህ ነው የማልምራቸው።

ከጽድ እንጨት የብርጭቆ ማስቀመጫ ጠረብን። ላዩ ላይ ጠፍጣፋዋን አደረግን፤ በላይዋ ብርጭቆ የሚቀመጥባት ቀጭን አሉሚኒየም፣ በሥሯ ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ የወጣ ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት። ከፀሐይ መብራት ያወጣናት ትንሽ ሰሌዳ ኤሌክትሪኩን ከፍ ታደርገዋለች፤ ከተሰበረ መጫወቻ የነቀልናት ቀይ መብራት ጎኑ ላይ ገባች። ብየዳው የእኔ ነበር፤ የእሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና። አስታውሱልኝ፤ ብየዳው የእኔ ነበር።

አልበራችም። ሻይ አፍልተን እናስቀምጣለን፣ ትር ብላ ትጠፋለች። ብየዳውን አፍርሼ መልሼ በየድኩ። ሰሌዳዋን ቀየርን። ጠፍጣፋዋ ተበላሽታ ነው ብለን ተስፋ ልንቆርጥ ደረስን። አንድ ጠዋት ጋሽ ዘውዴ ዕቃውን አንስተው ከሥሩ በእጃቸው ጀርባ ነኩትና ሳቃቸው መጣ። ሥሩ ሞቋል። ለካ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብለን ዕቃውን ከላይ እስከ ታች በባና ጠቅልለነዋል። መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ምን ያድርግ? የበግ ጠጉር ባና ሕፃኑንም፣ ሊጡንም፣ ውሃ ማሰሮውንም የምንሸፍንበት ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ብርድ የሚያስገባ ሰው አገራችን የለም። ሥሩን ገልጠው መስኮት ላይ አስቀመጡት። የመሐል ሜዳ የጠዋት ብርድ ብረቱን ያዘውና መብራቷ ፏ ብላ በራች።

«አየሽ» አሉኝ፤ «ሙቀት ብቻውን ምንም አይሠራም። ወዲህ ሙቀት፣ ወዲያ ብርድ ሲሆን ነው። ልዩነቱ ነው የሚያበራት።» ጠመኔውን ከጆሯቸው አውርደው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ለቀጣዩ ክፍል ሳያጠፉት ነው የሄዱት።

ቤት ወሰድነውና አባቴ ፊት አስቀመጥነው። አባቴ ፊታቸውን ወደ ቀይዋ ብርሃን አቅንተው እንደ ልጅ ጠበቁ። «ጠፋች?» አሉኝ። «ጠፋች፣ አባ» አልኳቸው። ጣታቸውን ሳይነክሩ አንስተው ጠጡ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ መምህር» አሉ። ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን እንባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የውሸት አልነበረም። ኋላ የሆነውን ሳስብ የሚያደናግረኝ እሱ ነው።

በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቶች የፈጠራ ሥራ ውድድር ዓለም ከተማ ላይ ሆነ። ጋሽ ዘውዴ ጡረታቸው ተቃርቧል። «ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ወጥቶ አያውቅም፤ ሳልሰናበት ይቺን ልይ» አሉ። አባቴ ዕቃቸውን በደስታ ሰጡን። በደብረ ብርሃን ዞረን፣ የጀማን ሸለቆ ወርደን፣ ሸለቆው ውስጥ ምሳ ልንበላ ቆምን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጋሽ ዘውዴ ሻይ አዘዙና ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አወጡት። መብራቷ ትንሽ ፈገግ ብላ ጠፋች፤ ሻዩ ግን ምላስ ይልጣል።

ወዲያው ገባኝ። ሥሩም ሞቋል፣ ላዩም ሞቋል፤ ልዩነት የለም። ራሳቸው አይደሉ ያስተማሩኝ? «ምንም አይደል፣ ጋሽ ዘውዴ» አልኩ። «እንዲያውም ይህንኑ እንናገር። በብርድ አገር ይሠራል፣ በሙቅ አገር አይሠራም፤ ምክንያቱም ይኸው እንበል። ይህም ራሱ ትምህርት ነው።»

ዕቃውን አንስተው ሥሩን አገላብጠው አዩ። «ሽቦው ላልቶ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ለእኔ ተይው።»

በማግሥቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ጋሽ ዘውዴ ካደርንበት ፔንሲዮን ግቢ ጠረጴዛ ስበው ተቀምጠዋል። ብርጭቆው ተቀምጧል፣ መብራቷ ቦግ ብላለች። «ምን አልኩሽ?» አሉኝ። ያኔ ዓይኔን አለማየታቸውን ልብ አላልኩም። ሽቦው ነበር አሉ፤ ሽቦው ነበር ብዬ አመንኩ። ዕቃውን ጠይቂው ያሉኝን ትቼ ሰውየውን አመንኩ።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣበት እንደ ምጣድ ይግላል። ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘውዴ «አንቺ ድምፅሽ ይሰማል» ብለው አጠገቤ ቆሙ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ቀጭን ትሑት ሰው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና ሻዩ እስኪበርድ ልጠብቅ ብሎ ቆመ። ጠበቅን። ብርጭቆውን ነካ አደረገው። ቀዝቅዟል። መብራቷ እንዳለች ናት።

«እህቴ፣ ውስጡ ባትሪ አለ እንዴ?» አለኝ በቀስታ።

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ወደ ጋሽ ዘውዴ ዞርኩ። ብርጭቆውን ያያሉ። የመሐል ሜዳ ተማሪዎች ከበውናል፤ ልጆቼ ናቸው። ሰውየው መጠራጠሩ እልህ አስያዘኝና ከአፌ ወጣ፦ «ሚካኤልን፣ ባትሪ የለውም።»

የቄስ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ከመማል መሳደብ ይሻላል። ሚካኤል ደግሞ ለእኛ ከሩቅ የሚጠሩት ስም አይደለም፤ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ታቦት ነው። ያን ቀን ግን እውነት ነበር የምናገረው፤ እውነት መስሎኝ ነበር።

ዳኛው ሻዩን አንስቶ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። አሁንም አልጠፋችም። አዳራሹ ሳቀ። በሰንጢ ሥሩን ፈልቅቆ ከፈተው፤ የመኪና ሪሞት ውስጥ የምትገባ ዓይነት ክብ ባትሪ ከሽቦዬ አጠገብ ተለጥፋ አብለጨለጨች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«ይህን የገጠመው ማነው?» አለ ዳኛው።

«መገጣጠሙን የያዘችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

ልብ በሉ፤ አልዋሹም። ብየዳው የእኔ ነው። እንደዚያ ያለ እውነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ ስል ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ አደላድለው፣ ዕቃውን በባናው ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ።

እኛ መሐል ሜዳ ሳንደርስ ወሬው በስልክ ቀድሞን ደረሰ። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ሚካኤልን ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ፣ አባ። ግን እውነት መስሎኝ ነው። ባትሪውን እኔ አላስገባሁም።»

«ታዲያ ማን አስገባው?»

«ጋሽ ዘውዴ።»

አባቴ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። በማግሥቱ በትራቸውን ይዘው፣ ሰው መርቷቸው፣ ጋሽ ዘውዴ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው የደከመ ነበር። «መምህርሽን ጠየቅሁት» አሉኝ። «አንድ ክፉ አልተናገረብሽም። ‹ልጅ ናት፤ ይማሯት፣ አባ› ብሎ ለመነኝ። አንቺ በሱ ላይ ትናገሪያለሽ፤ እሱ ለአንቺ ይለምናል።»

ደሜ ፈላ። ባትሪውስ ይሁን፤ ሰው ይደነግጣል፣ ሰው ይሳሳታል። አዳራሹም ይሁን፤ ፍርሃት አፍ ይዘጋል። ይቺን ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ አስበው፣ ለአባቴ ነው የተናገሯት። እኔን ሊያስምሩኝ ለመኑ። በዚያች ልመና እኔ ውሸታም ሆንኩ፣ እሳቸው ደግሞ ደግ።

ቤተ ሙከራ ሄጄ ቆምኩባቸው። «ጋሽ ዘውዴ፣ አባቴን ምን አሏቸው?»

ሰሌዳ ያጠፉ ነበር፤ ማጥፋታቸውን አላቋረጡም። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ፋንቱ። ሰው ይረሳልሻል። እኔ ልወጣ ነው፤ እኔን የሚያስታውሱኝ በመጨረሻዬ ነው።»

«ለአባቴስ ማን ይነግራቸዋል?»

«ትንሽ ነገሩ ይብረድ» አሉ። «ከዚያ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ይብረድ ብዬ ጠበቅሁ። ይህ ነው የእኔ ሞኝነት። ቃላቸው ለእኔ እንደዚያም ሆኖ ቃል ነበር። በረደ፤ እንዲያውም በረዶ ሆነ። ጡረታ ወጡ፤ ሽኝት ተደረገላቸው፤ ካባ ለበሱ። ንግግር ሲያደርጉ ስሜን ጠርተው «ከልጆቼ ሁሉ ጎበዟ» አሉኝ፤ ሰው አጨበጨበ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ግን ተንሾካሽከው ሳቁ። እነሱ ዘንድ ስሜ ቲቸር ባትሪ ነበር። አዲስ የሚመጡት ልጆች ምክንያቱን እንኳን ሳያውቁ ከታላላቆቻቸው ይወርሱታል።

ገበያ ስንገናኝ ጋሽ ዘውዴ አቅፈው ይስሙኝ ነበር። ስለ አባቴ ጤና ይጠይቁኛል። እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ደህና ናቸው፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» እላለሁ። ምን እላለሁ ሌላ? ያሳደጉኝ ሰው ናቸው።

አባቴ ስለ መሐላው ዳግመኛ አንስተው አያውቁም። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ሻይ ቀድቼ አበርድና እሰጣቸዋለሁ። «በርዷል?» ይሉኛል። «በርዷል፣ አባ» እላለሁ። «እሺ» ይሉና ጣታቸውን ይነክራሉ። ወንድሜ «በርዷል» ሲላቸው አይነክሩም። በየቀኑ፣ በየብርጭቆው፣ እያየሁ።

እንግዲህ ጋሽ ዘውዴ ሞቱ። ለቅሶ ቤት በማለዳ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና ከመደርደሪያ ላይ በባና የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። ገና ሳይፈቱት አወቅሁት።

«ሻዩን በዚህ ነበር የሚጠጣ» አሉኝ። «እንግዳ ሲመጣ ይሸፍነዋል። ለምን ትደብቀዋለህ ስለው ዝም ነው። ዛሬማ ሰው ይየው። ልጄ የሕይወት ታሪኩ ላይ አስገብቶታል።»

ዕቃውን ገለበጥኩት። ሥሩ ያለውን ብረት በቀጭን ጨርቅ አልብሰውታል፤ ከጨርቁ ጫፍ የፋኖስ ክር ወርዶ ውሃ የያዘች ቆርኪ ውስጥ ይገባል። ክሩ ውሃውን ይስባል፣ ጨርቁ ይርሳል፣ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ሙቅ ቦታም ቢሆን ያቀዘቅዛል። እንዲህ ቀላል ነበር። ጓዳው ከምድጃው የተነሳ ይሞቃል፤ እትዬ ሙሉ ሻይ ሲያስቀምጡበት ግን ቀጥ ብላ በራች። ቀዝቃዛ ውሃ አስቀመጥኩበት። ጠፋች። ባትሪ የለውም። ዕቃው እውነቱን ተናገረ፤ ሰውየው ሳይናገሩ።

ሠርተውታል እኮ። ስንት ዘመን እንደተቀመጠ እንጃ። አንድ ቀን ይዘውት አባቴ ዘንድ ቢመጡ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቢያስቀምጡበትና አፋቸውን ቢከፍቱ፣ የእኔ ነገር ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ጓዳ ተቀምጠው ብቻቸውን ጠጡበት።

«ያኔ አንቺ ልጅነት ይዞሽ ባታበላሺበት ኖሮ፣ ሳይሞት ስሙ ይጠራ ነበር» አሉ እትዬ ሙሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ግን አንድ ቀን በክፉ አላነሳሽም፤ ይቅር ብያታለሁ ነው የሚለኝ።»

በቤታቸውም እውነቱን አልተናገሩም። ለሚስታቸውም። ሴትዮዋ ምንም አያውቁም፤ ምን ልበላቸው? ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ዕቃው በማን ስም እንደሚነሳ አይቻለሁ፦ «ያለ ባትሪ፣ በሻይ ሙቀት ብቻ የምትበራ መብራት ፈልስፈው» ይላል። ይህን እኔው በገዛ አንደበቴ ሳነብ፣ ቀብርተኛው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቸው ያለ ባትሪ ሠሩት፣ ባትሪ ያስገባችው እሷ ናት።

ቀብሩ ሚካኤል ነበር። ፍትሐቱን ካደረሱት ካህናት አንዱ አባቴ ናቸው፤ ሲያበቁ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከተማው ወጥቷል። ማንበብ ጀመርኩ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ስንት ትውልድ እንዳስተማሩ። ጓሳ ላይ ውሃ ያፈላንበትን ከራሴ ጨመርኩበት፤ ሰው እንባውን አበሰ። ከዚያ እዚያች መስመር ደረስኩ። አነበብኳት። ከእናቱ ጎን የቆመው ልጃቸው ዕቃውን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ። ከተማሪዎቹ በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ስሜን ነው፣ ያንን ስሜን።

ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

«እዚህ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ» አልኩ። «ይህን ዕቃ ከጋሽ ዘውዴ ጋር አብረን ነው የሠራነው። ዓለም ከተማ ውስጡ የተገኘውን ባትሪ ግን እኔ አላስገባሁም። መማል ትቻለሁ፤ አልምልም። አላስገባሁም ብቻ ነው የምለው።»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተይ፣ ሬሳ ፊት?» አሉ። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አንስተው አዩኝ፤ ልጃቸው ዕቃውን ካፖርቱ ውስጥ ከተተው። የቀረችውን አንብቤ ጨረስኩ፤ «ባለ ትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ» የምትለዋን። አፈሩ ሲገባ ከሁሉም ሰው እኩል አለቀስኩ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የእሳቸው ቀብር ላይም ክፉዋ እኔ ሆንኩ።

አባቴን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ ድንጋይ ስነግራቸው እግራቸውን ያነሳሉ። ቤት ገብተው መደባቸው ላይ ተቀመጡ። ሻይ አፈላሁ፣ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እያገላበጥኩ አበረድኩና በእጃቸው ሰጠኋቸው። አልጠጡም፤ ይዘውት ቆዩ።

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ነግሬዎት ነበር፣ አባ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «አዎ። ነግረሽኝ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «በርዷል?» አሉኝ።

«በርዷል፣ አባ።»

ጣታቸውን ሳይነክሩ ብርጭቆውን አፋቸው ላይ አደረጉት። እስኪጨርሱ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ባዶውን ብርጭቆ መልሰው በእጄ ሰጡኝ።